ወላጆች ወደ ላንጌ ኮረብቶች ሲመጡ፦ አንድ ጥያቄና 24 መልሶች

በሰሜን ጣሊያን በፒዬሞንቴ ክፍለ ሀገር፣ ከአልባ ከተማ ወጣ ብሎ በላንጌ ኮረብቶች መካከል በሚገኝ መንደር የምትኖር አንዲት እህት፣ በጣሊያን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሚወያዩበት መድረክ ላይ በመጋቢት ወር አንድ ጥያቄ አቀረበች። አባቷና እናቷ ከአባቷ ታላቅ እህት ጋር ሆነው ከአዲስ አበባ ሊጠይቋት ተነሥተዋል። ሐሳባቸው በሐምሌ መጨረሻ ገብተው፣ ቪዛው የሚፈቅደውን 90 ቀን ሙሉ ተቀምጠው መመለስ ነው። እርሷ ግን ከባሏና ከሕፃን ልጇ ጋር የምትኖረው በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ባሏ በአንድ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ስለሚሠራ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ቤቱ የሚገባው ለመኝታ ብቻ ነው፤ እርሷም በሳምንት ስድስት ቀን ከቤት ውጭ ትውላለች። የሥራዋን ዓይነት በዚያ ጽሑፍ ላይ አልጠቀሰችም። ማወቅ የፈለገችው፣ ለወላጅ ለአንድ ወር ብቻ ኑ ብሎ መንገር ነውር መሆን አለመሆኑን ነበር።

የመጀመሪያዎቹ መልሶች ትሕትና የሞላባቸው ነበሩ፤ ጥያቄውን ግን አልነኩትም። መልስ 1ን የጻፉት ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ካሉ በኋላ በቀጥታ ወደ ወረቀቱ ጉዳይ ገቡ። የግብዣ ደብዳቤው፣ የቤት ኪራይ ውሉና የጋባዡ የገቢ ማስረጃ አስቀድሞ እንዲላክ፣ የጉዞ መድኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን እንዲሆን መከሩ፤ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት እንደሚቻል፣ ጉዞው 15 ቀን እስኪቀረው ድረስ መዘግየት ግን እንደማይገባም አስረዱ። የአንድ ሰው የቪዛ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ ስላለ ለሦስቱ እንግዶች 270 ዩሮ እንደሚሆን፣ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ እንደማይመለስ አስታወሱ። መልስ 2 ይህን ሁሉ ተቀብሎ አንድ ነገር አረመ፦ 90 ቀን በ180 ቀን ውስጥ ሊያልፉት የማይቻል ከፍተኛ ልክ እንጂ ለአመልካች ሁሉ የሚሰጥ አይደለም። ቆንስላው ያነሰ ሊሰጥ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ቪዛው የሚያገለግልበትን ዘመን መቆየት ከሚፈቀድለት የቀን ቁጥር ጋር እያምታታ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ሥራ በጀመረው የመግቢያና የመውጫ መመዝገቢያ ሥርዓት ቀኑን የሚቆጥረው ኮምፒውተር ስለ ሆነ፣ አንድ ቀን ያሳለፈ እንግዳ ማኅተሙ ደብዝዟል ብሎ ማለፍ አይችልም።

ከመልስ 3 እስከ 5 ያለው ክፍል እንደኔ ግምት ለሌላ አንባቢ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ነው። መልስ 3 እንግዶቹ ከገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊደረግ ስለሚገባ ነገር አሳሰበ። በጣሊያን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ሰው በቤቱ የሚያሳድር ሁሉ ለኩዌስቱራ (ለአውራጃው የፖሊስ ዋና ጽሕፈት ቤት)፣ የመንግሥት ፖሊስ ጽሕፈት ቤት በሌለበት መንደር ደግሞ ለኮሙኔው (ለማዘጋጃ ቤቱ) ከንቲባ፣ የእንግዳውን ስም፣ የፓስፖርት ቁጥርና የቤቱን አድራሻ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም ማስቀመጥ ይኖርበታል። መልስ 4ን የጻፉት ሰው፣ እናታቸውን ከአንድ ጊዜ በላይ ሲያስተናግዱ ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ፣ ሕጉ ለባዳ እንጂ ለሥጋ ዘመድ አይደለም ብለው ተከራከሩ። የውይይቱ ክር ጨዋነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተናጋው እዚህ ላይ ነው። መልስ 5 ማንም አለመጠየቁ ሕግ የለም ማለት እንዳልሆነ ቆጣ ብሎ ነገራቸው፤ እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የውጭ ዜጎች ሕግ፣ ቁጥር 286 አንቀጽ 7፣ እንግዳው የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዘመድ ቢሆን ግዴታው እንደማይቀር በግልጽ እንደሚያዝ፣ ቅጣቱም ከ160 እስከ 1,100 ዩሮ እንደሚደርስ ጠቀሰ። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሚላኖ ወይም ሮማ የሚያርፉት በድንበሩ ላይ ስለሚመዘገቡ ከዚህ ሌላ ነገር እንደማይጠበቅባቸው፣ በሌላ የሼንገን አገር አቋርጠው የሚመጡት ግን ራሳቸው በ8 ቀን ውስጥ መግባታቸውን ማስታወቅ እንዳለባቸው ጨመረ። የመልስ 4 ባለቤት ከዚያ ወዲህ በክሩ ላይ አልታዩም።

መልስ 6 የመጣው በአስቲ አውራጃ፣ በካኔሊ አቅራቢያ፣ በአንድ መጥመቂያ ከሚሠራ ወንድም ነው። የሰጠው ምክር በወይኑ የጊዜ ሰሌዳ ላይ የቆመ ነው። ቀድመው ከሚለቀሙት የወይን ዓይነቶች አንዱ ሞስካቶ ሲሆን ለቀማው በነሐሴ መጨረሻ ይጀመራል፤ ዶልቼቶና ባርቤራ ይከተላሉ፤ የባሮሎና የባርባሬስኮ ወይን ጠጅ የሚጠመቅበት ኔቢዮሎ መጨረሻ ላይ፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ይደርሳል። ጭማቂው በሚፈላበት ሰሞን ሠራተኛው ሌሊትም ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ በዚያ ወቅት የሚመጡ ወላጆች አማቻቸውን ሳያዩት ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነሐሴ 15 ቀን በሚውለው የፌራጎስቶ በዓል ሰሞንም ሱቁም ጽሕፈት ቤቱም ስለሚዘጋ ቅጽ ማስገባት እንኳ እንደሚያስቸግር ጻፈ። በግንቦት ወይም ለቀማው ካለቀ በኋላ ቢመጡ ይሻላል አለ። የጥያቄው ፍሬ ስንት ቀን ከሚለው ወደ መቼ ያዘነበለው በዚህ መልስ ነው፤ ጠያቂዋም ያን ቀን አመሰግናለሁ ብላ አልፋለች።

መልስ 7 የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቁጠሪያ ከወይኑ የጊዜ ሰሌዳ ጋር አስተያየው። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሚውል በሐምሌ መጨረሻ የሚገቡ እናት ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ጾም ይይዛሉ፤ በአንጻሩ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር 14 ያለው ጊዜ፣ ጾመ ጽጌን በፈቃዳቸው ከሚጾሙ ሰዎች በቀር፣ ከረቡዕና ከዓርብ ሌላ ጾም የለበትም፤ ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ነው። መልስ 8 በዚያው ወደ ምግቡ ተሻገረ። ለጾመኛ የአካባቢውን ታያሪን ማቅረብ እንደማይቻል፣ ያ ቀጭን ፓስታ የሚለወሰው በብዙ የእንቁላል አስኳል መሆኑን፣ በፋብሪካ የደረቀው ተራ ፓስታ ግን ዱቄትና ውኃ ብቻ ስለ ሆነ በቲማቲም ስጎ እንደሚበላ አስረዱ። በፍስኩ ቀን ደግሞ ካርኔ ክሩዳ የሚባለው፣ በቢላ ደቅቆ በዘይትና በሎሚ የሚቀርበው ጥሬ የጥጃ ሥጋ ለአባትየው ከክትፎ ብዙ እንደማይርቅባቸው፣ የራሳቸው አጎት በአንድ የመንደር ምግብ ቤት ሦስት ሳህን ካዘዙ በኋላ ሚጥሚጣውን ከኪሳቸው እንዳወጡ ተረኩ። ከዚያ ባኛ ካውዳ የሚባለው የነጭ ሽንኩርት ማጥቀሻ ተነሣ፤ ውስጡ የጨው ዓሣ ስላለበት መልስ 9 ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ከፍቶ ረጅም ጽሑፍ ለጠፈ። መልስ 10 ይህ የሊቃውንት ጉዳይ መሆኑን፣ እናትየው ደግሞ በዚህ ዕድሜያቸው ምን እንደሚጾሙ ከማንም እንደማይጠይቁ በሁለት መስመር ተናግሮ ዘጋው። ደግ አደረገ።

መልስ 11 የሻንጣውን ነገር አመጣ። ጸሐፊዋ በቬኔቶ የሚኖሩ ናቸው። አክስታቸው በደርብ ፌስታልና በነጠላ ጠቅልለው ያመጡት የተነጠረ ቅቤ በአውሮፕላን ማረፊያ ሲፈተሽ፣ መርማሪው ክዳኑን ሲከፍተው የኮረሪማው ሽታ አዳራሹን እንደ ሞላው፣ ሰውየውም ጎንበስ ብሎ ሁለት ጊዜ ካሸተተው በኋላ በሐዘኔታ ወደ ቆሻሻ መጣያው እንደ ሰደደው ጻፉ። አክስታቸው ያዘኑት ቅቤው በመወሰዱ ሳይሆን ነጠላው አብሮ በመሄዱ ነበር። ሕጉን ግን አልሸሸጉም፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከኅብረቱ ውጭ በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ በዚህ ይጠቃለላሉ። መልስ 12 ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ እንደሚፈቀድ፣ ሽሮና በርበሬ እርሳቸው ላይ ችግር ፈጥረው እንደማያውቁ አከለ። መልስ 13 ቋንጣን በጫማ ውስጥ ደብቆ ስለ ማሳለፍ ጉራ ነዛ፤ ሦስት ሰዎች ወዲያው ገሠጹት፤ አንደኛው የሰባ ዓመት እናትን የኮንትሮባንድ ተሸካሚ ማድረግ ከምን የመጣ ድፍረት እንደ ሆነ ጠየቀ።

በቂ ትኩረት ሳያገኝ ያለፈው መልስ 14 ነው። ይህን የጻፈው ሰው በሰሜን ሸዋ ሲያርሱ የኖሩ አባቱን በባርባሬስኮ መንደር አጠገብ አስተናግዷል። ሽማግሌው አንድ ሳምንት በረንዳ ላይ ከተቀመጡ በኋላ፣ ተቀምጦ መብላት አልሆንላቸው ብሎ፣ አንድ ማለዳ ከቤቱ በታች ባለው የጎረቤት ማሳ ለቃሚዎቹ መካከል ገቡ። ልጃቸው ደንግጦ ሲወርድ ያገኛቸው ጋቢያቸውን በወገባቸው አሸርጠው፣ ባለ ማሳው ባዋሳቸው መቀስ የዘለላውን አንገት እየቆረጡ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ሲደረድሩ ነበር፤ ጣቶቻቸው በጭማቂው ጠቁረው፣ የጋቢያቸው ጫፍ ቅጠሉ ላይ በቀረው የመዳብና የኖራ መድኃኒት ሰማያዊ ቀለም ይዞ ነበር። ባለ ማሳው እየሳቀ ነበር። ልጁ ግን አልሳቀም። የጉብኝት ቪዛ ሥራ አይፈቅድም፤ በለቀማ ሰሞን የሥራ ተቆጣጣሪዎች በየማሳው ይዞራሉ፤ የሥራ ፈቃድ የሌለውን የውጭ ዜጋ የሚያሠራ ሰው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራትና በአንድ ሰው 5,000 ዩሮ ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ደመወዝ አልተከፈለም ብሎ ማስረዳትም በዚያች ሰዓት ቀላል አይደለም። አባትየውን ከማሳው ለማውጣት ሕጉን ሳይሆን የጎረቤቱን መታሰር መንገር እንዳስፈለገ፣ ከዚያ ወዲያ ለቤቱ ጓሮ መቆፈሪያ ተገዝቶላቸው ጎመን እንደ ተከሉ ጽፏል። ጠያቂዋ ልብ ብላ ልታነብበው የሚገባት መልስ ይህ ይመስለኛል። ሥራ የለመደ ሽማግሌ በማያውቀው አገር፣ በእሑድ አውቶቡስ በማያልፍበት ኮረብታ ላይ፣ ልጁ እስክትመለስ ግድግዳ እያየ ሲውል መልከዓ ምድሩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2014 መስፈሩ ብዙ አያጽናናውም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ማንም ወዳልጠበቀው አቅጣጫ ሄደ። መልስ 15ን የጻፉት ሰው የአርበኛ ልጅ የሆኑት አባታቸው ሊጠይቋቸው በመጡበት ጊዜ፣ በሞንፌራቶ ኮረብቶች ወደ ወዳጅ ቤት ሲሄዱ የመንገድ ምልክት ላይ ግራዛኖ ባዶሊዮ የሚል ስም እንዳዩ ተረኩ። መንደሩ ቀድሞ ግራዛኖ ሞንፌራቶ ይባል ነበር፤ ስሙ የተለወጠው እዚያ እ.ኤ.አ. በ1871 ለተወለደው ማርሻል ፒዬትሮ ባዶሊዮ ክብር ነው። በ1928 ዓ.ም. የመርዝ ጋዝ በሕዝባችን ላይ ሲዘንብ አዛዡ እርሱ ነበር፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገብቶ የአዲስ አበባ መስፍን የሚል ማዕርግ ተሰጥቶታል። አባትየው መኪናው እንዲቆም አዘዙ፤ ወርደው ፊደሉን አንድ በአንድ አነበቡ፤ ከዚያም ከዘራቸውን እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አድርገው ከምልክቱ ሥር ቀጥ ብለው ቆሙና ፎቶግራፍ እንዲነሡ ጠየቁ። ሥዕሉ ዛሬ አዲስ አበባ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። መልስ 16 የእንግዶችን ደስታ በድሮ ቁስል ማደፍረስ ምን እንደሚጠቅም ጠይቆ፣ የዛሬዎቹ ጎረቤቶች ደግ ሰዎች ስለ ሆኑ ነገሩን መተው ይሻላል አለ። መልስ 17 ጠንከር ያለ ነበር። ማንም ነገሩን ባያነሣውም የጎዳናው ስም እንደሚያነሣው፣ አዱዋ የሚባል ጎዳና በየከተማው እንዳለ፣ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ የወደቀው ሻለቃ ቶዜሊ የዚሁ የኩኔዮ አውራጃ ሰው፣ የፔቬራኞ ተወላጅ መሆኑን ዘረዘረ፤ ስለዚህ እንግዶቹ በድንገት ከሚያዩት ልጃቸው አስቀድማ ብትነግራቸው ይሻላል ሲል መልስ 16ን በመርሳት ወቀሰ። ሁለቱ ጥቂት ከተነታረኩ በኋላ፣ መልስ 18 አባትየውን አልባ ከተማ ወስዶ ሌላም ታሪክ ማሳየት እንደሚቻል ጠቆመ፤ ፋሽስቱን ሊወጉ ጫካ የገቡት ጣሊያናውያን ከተማዪቱን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 10 እስከ ኅዳር 2 ቀን 1944 ለ23 ቀናት ይዘዋት እንደ ነበር፣ የአርበኛ ልጅ ይህን ሲሰማ የሚጠይቀው ብዙ እንደሚኖረው ጻፈ። እኔ ከመልስ 17 ጋር ነኝ፤ ድምፁን ዝቅ ቢያደርገው ግን በተሻለ ነበር።

መልስ 19 ነገሩን ለማቀዝቀዝ ይመስላል ወደ መጠጡ መለሰው። ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚያም ውስጥ 18 ወር በእንጨት በርሜል የሚቆየውን ውድ ባሮሎ ለአክስትየው ገዝቶ ማቅረብ ብር ማባከን እንደ ሆነ፣ የእርሱ አክስት አንድ ጊዜ ቀምሰው እንቆቆ ነው ብለው ብርጭቆውን እንደ ገፉት ገለጸ። ለጠጅ የለመደ አፍ የሚስማማው ጣፋጩና አልኮሉ 5 ከመቶ ገደማ የሆነው ሞስካቶ ዳስቲ ነው፤ ዋጋውም ይቀላል።

ወደ ጥያቄው ፊት ለፊት የገባው መልስ 20 ነው፤ የገባውም በቁጣ ነው። ጸሐፊው ለወላጅ ቀን ቆጥሮ መስጠት እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ከሚባለው ግብዣ እንደማይለይ፣ አሳድጎ ያስተማረ ወላጅ ሁለት ክፍል ጠበበው ተብሎ እንደማይመለስ፣ አውሮፓ ልብን እንደሚያጠብ ጻፉ። መልስ 21ን የጻፉት በኪያንቲ፣ ከሲዬና ብዙ ሳይርቁ የኖሩ እናት ናቸው፤ ስድብ አልተናገሩም፤ ጥያቄ ብቻ ደረደሩ። የጸሐፊው እናት በመጡ ጊዜ እንጀራውን የጋገረው፣ የደም ግፊቱን መድኃኒት ሰዓት የጠበቀው፣ ሌሊት 112 ደውሎ በማይችለው ቋንቋ ያስረዳው፣ ያለ ክፍያ ፈቃድ የወሰደው ማን ነበር? ባለቤታቸው ከሆኑስ ስለ ቀኑ ብዛት ተጠይቀው ያውቁ ኖሯል? ወላጅን መውደድ በቀን ብዛት የሚለካ ከሆነ፣ የሚለካበትን ቀን ቆማ የምታሳልፈው ሴት አስተያየቷ ሊሰማ እንደሚገባ አሳሰቡ። ይህን መልስ ከሁሉ አስበልጣለሁ። ከዚህ በፊት የጻፉት አብዛኞቹ የቪዛውን ቀን ሲቆጥሩ የምታስተናግደውን ሴት የሥራ ሰዓት የቆጠረ አልነበረም። የመልስ 20 ባለቤት ምላሽ አልሰጡም።

ጠያቂዋ የተመለሰችው በመልስ 22 ነው፤ ሥራዋን የገለጸችውም ያኔ ነው። ባዳንቴ፣ ማለትም በየቤቱ አረጋውያንን የምትጦር ሠራተኛ ናት፤ በዚያው መንደር ከአልጋ የማይነሡ አንድ ሽማግሌ ትጦራለች። አገር ቤት ነርስነት ተምራ ስለ ወጣች ወላጆቿ ሆስፒታል የምትሠራ ይመስላቸዋል፤ እርሷም አልዋሸችም፣ አላረመችምም። የቀኑ ጥያቄም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር፤ አንድ ወር ፈቃድ ወስዳ ከእነርሱ ጋር ብትውል ነገሩ ይሸፈናል፤ በሦስት ወር ግን የሚሸፈን ነገር የለም። እኔ ይህን ሳነብ የመልስ 20 ቁጣ የበለጠ ባዶ ሆነብኝ።

መልስ 23 በአስቲ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ልጄ እያሉ፣ በመንደር ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ሁለት ቀን እንደማይደበቅ፣ ዳቦ ሻጯ ራሷ ለእናትየው በምልክት እንደምትነግራቸው፣ ስለዚህ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቆረጡ በፊት በስልክ ለእናቷ እንድትነግር፣ ለአባቷ የምትነግራቸው እናቷ እንደሚሆኑ መከሯት። እናትየው ከሰሙ በኋላ የሚጠይቁት ስለ ደረጃው ሳይሆን ወገቧን ያማት እንደ ሆነ መሆኑን ከራሳቸው ልምድ አረጋገጡላት። በተጨማሪም ሦስቱን እንግዶች በአንድ ቤት ከማጨናነቅ ለመጨረሻው ሳምንት ሚላኖ ወዳለ ዘመድ ማሻገር፣ እናትየውም የኅዳር ሚካኤልን እዚያ ከምእመናን ጋር እንዲያከብሩ ማድረግ እንደሚቻል ጠቆሙ።

ጠያቂዋ ለዚህ ባከለችው አጭር ማስታወሻ፣ ጉዞው ለቀማው ካለቀ በኋላ ወደ ጥቅምት መጀመሪያ መዛወሩን፣ መመለሻውም ከጾመ ነቢያት በፊት መሆኑን፣ ለእናቷም መንገሯን አስታወቀች፤ እናትየው ምን እንዳሉ አልጻፈችም። መልስ 24ን የጻፉት የመልስ 3 ባለቤት ናቸው። እንግዶቹ ወደ ሚላኖ ሲሻገሩ የሚቀበላቸው ዘመድም በ48 ሰዓት ውስጥ የራሱን ማስታወቂያ ለዚያው ከተማ ኩዌስቱራ ማስገባት እንዳለበት፣ በአልባ በኩል የገባው ወረቀት ለእርሱ እንደማይሠራለት ገለጹ፤ የቤት ማሞቂያም በዚያ አካባቢ የሚፈቀደው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከጥቅምት 15 ጀምሮ ስለ ሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሦስት ብርድ ልብስ አስቀድሞ እንዲገዛ አሳሰቡ።